አሮጌው ራውተራችን በአዲስ ፈርምዌር

ቱሉ ዲምቱ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ አንድ የኢንተርኔት መስመር እንጋራለን። መስመሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ሲሆን፣ ሞደሙ በራሱ ገጽ ላይ እንደሚያሳየው ወደ ግቢው የሚገባው በሰከንድ 4,096 ኪሎቢት፣ ከግቢው የሚወጣው ደግሞ 512 ኪሎቢት ነው። የወሩን ሂሳብ እኩል እናዋጣለን። ዋይፋይ ሲበላሽ ግን ሁሉም የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው፤ ራውተሩ የተሰቀለው በእኔ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው፣ ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር መሆኑንም ሁሉም ያውቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ማታ ማታ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የግቢው ባለቤት ቶሮንቶ ካለችው ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ይነጋገራሉ። ጨዋታው ደኅና ተጀምሮ ድንገት ምስሉ ይቆማል፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ከዚያም ጭራሽ ይቋረጣል። «ልጄ፣ ይኸው ደግሞ ጠፋችብኝ» ይሉኛል በረንዳቸው ላይ ቆመው። በዚያው ሰዓት ከጎኔ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትምህርት ገጹ አልከፈት ብሎት ይበሳጫል። ፍጥነቱ እንዲጨመርልን ጠይቀን ባለው ሽቦ ከዚህ በላይ እንደማይቻል ስለተነገረን፣ «መስመሩ ቀጭን ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን ከአንድ ዓመት በላይ እንዲሁ ኖርን። ይህን የምጽፈው ያው ቀጭን መስመር አሁን እንዴት ለአምስታችንም እንደሚበቃ፣ ለዚህም አንድ ያረጀ ራውተር ውስጥ ያለውን ፈርምዌር፣ ማለትም ሳጥኑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ መቀየር እንዴት እንደረዳን ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ ነበረብኝ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ግቢው ፀጥ ባለበት ሰዓት፣ ላፕቶፔን በላን ኬብል አገናኝቼ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ 8.8.8.8 ወደሚባለው የጉግል አድራሻ መልእክት ላክሁ። መልሱ በ78 ሚሊሰከንድ ይመለስ ነበር፤ ለእኛ አካባቢ ይህ ደኅና የሚባል ነው። ከዚያ ስልኬ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ መጫን ጀመርኩና ቁጥሩን መመልከት ቀጠልኩ። 200 ሆነ፣ 600 ሆነ፣ 1,100 አለፈ፤ በመጨረሻም 1,400 ሚሊሰከንድ አካባቢ ረጋ። መጫኑን ሳቋርጠው ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ወደ 78 ተመለሰ። አንድ ስልክ ፎቶ ሲጭን የግቢው ሰው ሁሉ የሚልከው መልእክት አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ መዘግየት ማንም ሰው በቪዲዮ ሊነጋገር አይችልም።

ይህ በሽታ ባፈርብሎት ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጂም ጌቲስ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በገዛ ቤቱ መስመር ላይ ያጋጠመውን መዘግየት ሲመረምር ነው ነገሩን ያስተዋለው። ሞደሞችና ራውተሮች ወደ ቀጭኑ መስመር መግባት የሚፈልገው መረጃ ሲበዛባቸው ፓኬቶቹን፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸውን ትንንሽ ጥቅሎች፣ ለጊዜው በማከማቻ ውስጥ ያቆያሉ። ሜሞሪ ርካሽ ከሆነ ወዲህ ብዙ አምራቾች አንድም ፓኬት እንዳይጠፋ በማሰብ ይህን ማከማቻ ከልክ በላይ አስፍተውታል። 256 ኪሎባይት የሚይዝ ማከማቻ በሰከንድ 512 ኪሎቢት በሚያወጣ መስመር ደጃፍ ላይ ቢሞላ፣ መጨረሻ የገባው ፓኬት እስኪወጣ ከ4 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ፋይል የሚጭነው ወገን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋበት ነው፤ ካልጠፋበት መንገዱ ክፍት መስሎት መጨመሩን ይቀጥላል። ማታ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከፊት የቆመው ሰው አርባ ጆንያ ይዞ ከመጣ፣ ከኋላው ባዶ እጁን የቆመው ተሳፋሪ ጆንያው ሁሉ ተጭኖ እስኪያልቅ ይጠብቃል። የእማማ ድምፅ ያ ባዶ እጁን የቆመ ተሳፋሪ ነበር።

መድኃኒቱ ከተገኘ ዓመታት ተቆጥረዋል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ኮዴል የተባለ ዘዴ አቀረቡ። ኮዴል የሚለካው የሰልፉን ርዝመት ሳይሆን እያንዳንዱ ፓኬት በሰልፉ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ነው፤ ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ በታች ሳይወርድ ከቀረ፣ ላኪው እንዲረጋ አንዳንድ ፓኬቶችን መጣል ይጀምራል። ቀጥሎ ይህንኑ ዘዴ ይዞ ሰልፉን ለየግንኙነቱ የሚከፋፍለው ኤፍኪው-ኮዴል መጣ። ከዚያም በኋላ ኬክ የሚል ስም የተሰጠው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች ድርሻቸውን እኩል ማካፈል የሚችለው ሥርዓት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊኑክስ ወደተባለው ነጻ የኮምፒውተር ማሠሪያ ሥርዓት ዋና ክፍል (ከርነል 4.19) ገባ። ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት ከገፉት ሰዎች አንዱ ዴቭ ታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አርፏል። በስም ብቻ የማውቀው ሰው ቢሆንም የግቢያችን ባለውለታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በእኛ ራውተር ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ራውተሩ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7፣ ቨርዥን 2 ነው፤ ከእኔ በፊት በክፍሉ የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ፣ ከገበያ ከወጣ የቆየ ዕቃ ነው። አብሮት የመጣው ፈርምዌር የመጨረሻ እድሳት ካገኘ ዓመታት አልፈውታል። ይህ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች የሚገኙ ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን፣ በአብዛኛው የቤትና የአነስተኛ መሥሪያ ቤት ራውተሮችን፣ እንደያዘ ተገልጾ ነበር። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚረሳ፣ ቀንና ሌሊት በርቶ የሚያድር፣ እድሳት የማያገኝ ኮምፒውተር በቤታችን መኖሩን ብዙዎቻችን አናስበውም። ራውተር ኮምፒውተር ነው፤ የእኛው ሳጥን 720 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራም እና 16 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ አለው። በውስጡ የሚሠራው ሶፍትዌር እንጂ ሳጥኑ ራሱ አላረጀም።

እንዲህ ያለውን ሳጥን በሌላ ሶፍትዌር ማሠራት የተቻለው በአንድ የፈቃድ ውል ምክንያት ነው፤ ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለውን ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ለገበያ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያውን ሲስኮ ገዛው፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ደግሞ አንድ የፕሮግራም ባለሙያ የራውተሩ ፈርምዌር ሊኑክስን መሠረት ያደረገ መሆኑን ለሊኑክስ አዘጋጆች ጻፈላቸው። ሊኑክስ የሚሰራጨው ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ሶፍትዌሩን ለሌላ የሚሸጥ ወገን የምንጭ ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ኩባንያው ጥያቄው ሲበረታበት ኮዱን ለቀቀ። በዚያ ኮድ ላይ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ኦፕን-ደብሊውአርቲ የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል ከዚያ ራውተር ስም የተወሰደ ነው። ዲዲ-ደብሊውአርቲና ቶማቶ የተባሉትም የመጡት ከዚሁ ምንጭ ነው። ኦፕን-ደብሊውአርቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁለት ተከፍሎ በ2018 መጀመሪያ እንደገና ተዋሕዷል፤ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ይታደሳል። እኔ የመረጥኩት እሱን ነው፤ ኬክን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መትከል የሚቻልበትና የእኛን ሳጥን እስከ ዛሬ የሚደግፍ በመሆኑ።

ወደ ሥራው ስገባ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጭነቱ ሳይሆን ዝግጅቱ ነው፤ እንዲያ መሆንም አለበት። በመጀመሪያ የሳጥኑን ሞዴል ብቻ ሳይሆን የሃርድዌር ቨርዥኑን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ስም ይዘው የሚሸጡ ራውተሮች በውስጣቸው ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በአገራችን ብዙ ቤት የሚገኘው ቲፒ-ሊንክ 841ኤን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቨርዥን 13 የተባለው 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ሲኖረው፣ ቨርዥን 14 ግን 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ነው ያለው። ባለ 4 እና 32 ሜጋባይቶቹን የዛሬው ኦፕን-ደብሊውአርቲ አይደግፍም። ስለዚህ ቁጥሩ ተጨምሮ የተሻለ ይመስላል ብሎ የሚገዛ ሰው ይጎዳል። የእኛ ራውተር ጀርባ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በአቧራና በፀሐይ ደብዝዞ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብዬ ከጠረግኩት በኋላ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አነበብኩት፤ ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል 2.0 ይላል።

ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ገጽ ስፈልግ ለአንድ ሳጥን ሁለት ዓይነት ፋይል እንዳለ አየሁ። ፋክተሪ የተባለው ከአምራቹ ፈርምዌር ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫነው ሲሆን፣ ሲስአፕግሬድ የተባለው ደግሞ ኦፕን-ደብሊውአርቲ አስቀድሞ ባለበት ሳጥን ላይ ለእድሳት የሚውለው ነው። እነዚህን ማደባለቅ ሳጥኑን ሊገድለው ይችላል። በተጨማሪም ለቨርዥን 2 ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ የተለዩ ፋክተሪ ፋይሎች አሉ፤ የእኛው ለአውሮፓ የተሠራ መሆኑን ከነባሩ ፈርምዌር ገጽ ላይ አረጋገጥኩ። ሌላው የረዳኝ ነገር ፋይሉ ከመዘጋጀቱ በፊት የሚፈለጉትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች መርጦ አብረው እንዲታሸጉ ማድረግ መቻሉ ነው። ሰልፉን የሚያስተካክለውን፣ ኤስኪውኤም የተባለውን ክፍል ከነመቆጣጠሪያ ገጹ አስቀድሜ አስገባሁት። ካወረድኩ በኋላም የፋይሉን ሻ-256 አሻራ፣ ማለትም ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ረጅም ኮድ፣ በገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። በእኛ መስመር ላይ የወረደ ፋይል ተቆራርጦ ሊሆን ስለሚችል ይህን እርምጃ ማንም እንዲዘል አልመክርም።

ቀሪው ስጋት መብራት ነበር። ፈርምዌር ወደ ፍላሽ በሚጻፍባቸው ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ኃይል ከተቋረጠ ሳጥኑ ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ሆኖ ይቀራል፤ ሊነሣም አይችልም። በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ራውተሩ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ከማይሠራ ዩፒኤስ ውስጥ የወጣ፣ ራሱ ግን ደኅና የሆነ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነበረኝ። ሙሉ በሙሉ ከሞላሁት በኋላ ከቻርጀሩ ነቀልኩት፤ ምክንያቱም ቻርጅ ላይ እያለ ቮልቱ ከፍ ይላል። በመለኪያ ስለካው 12.6 አሳየኝ። ከተበላሸ አዳፕተር የቆረጥኩትን ሽቦ ከባትሪው ጋር ስገጥም የሶኬቱ መሃል ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጋቲቭ መሆኑን ሁለት ጊዜ በመለኪያው አረጋገጥኩ፤ ራውተሩ ላይ ያለው ምልክትም ይህንኑ ይላል። ሽቦውን ሰክቼ ሰማያዊዎቹ መብራቶች በባትሪ ሲበሩ ሳይ ትልቅ ዕረፍት ተሰማኝ። ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ይሠራ ስለነበር ከግድግዳው ሶኬት ጋር የሚያገናኘን ነገር አልነበረም።

ጭነቱን ያደረግኩት እሑድ ጠዋት፣ የግቢው ሰው ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት ነው። ላፕቶፑን በላን ኬብል አገናኘሁ፤ ይህን ሥራ በዋይፋይ መሥራት አይገባም። የአምራቹን ገጽ ከፍቼ ፋይሉን ስመርጥለት የፋይሉ ስም ረጅም ነው ብሎ አልቀበልም አለኝ። ስሙን ወደ አጭር ቃል ቀየርኩትና ተቀበለው። ከዚያ በኋላ የሚታየው በመቶኛ የሚያድግ መስመር ብቻ ነው። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ተቀመጥኩ። መስመሩ 100 ከሞላ በኋላ መብራቶቹ ሁሉ ጠፉ፤ አንዷ ብቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎም ረግታ በራች። በላፕቶፑ ላይ 192.168.1.1 ብዬ ስጽፍ ሉሲ የተባለው የኦፕን-ደብሊውአርቲ ገጽ ተከፈተ። ያን ቀን መብራት አልሄደም፤ ቢሆንም ለባትሪው ባጠፋሁት ግማሽ ቀን አልተጸጸትኩም።

አዲሱ ፈርምዌር መጀመሪያ ሲነሣ የይለፍ ቃል የለውም፣ ዋይፋዩም ዝግ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዋይፋዩን ከስልኩ ላይ ሲያጣው ሳጥኑ የተበላሸ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ሥራ ጠንካራ የይለፍ ቃል መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ዋይፋዩን መክፈት፣ የአገር ኮዱ ላይም ኢትዮጵያን መምረጥ። የሌላ አገር ኮድ መርጦ የሬዲዮ ኃይልን ከተፈቀደው በላይ ማሳደግ የጎረቤትን ዋይፋይ ይረብሻል፤ የስልኩ አንቴና በዚያው መጠን መመለስ ስለማይችል ጥቅሙም ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የፈጀብኝ ነገር ገጠመኝ። ሁሉንም አስተካክዬ ራውተሩን ከሞደሙ ጋር በኬብል አገናኘሁት፤ ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልኬም ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ፣ ቅንብሩን መላልሼ አየሁ። በኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ሞደማችንም አድራሻው 192.168.1.1 ነው። ሁለቱ ሳጥኖች አንድ አድራሻ ይዘው ስለተያያዙ ራውተሩ ወደ ሞደሙ የሚልከውን ወደ ራሱ ይመልሰዋል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር ያላቸው ሁለት ቤቶች ቢኖሩ ደብዳቤ አምጪው እንደሚቸገረው ማለት ነው። የራውተሩን የውስጥ አድራሻ ወደ 192.168.10.1 ቀይሬ እንደገና ሳስነሣው ኢንተርኔቱ ወዲያው መጣ። ከሞደም ጀርባ ይህን ፈርምዌር የሚጭን ሁሉ፣ ኬብሉን ከማገናኘቱ በፊት ይህን አድራሻ ቢቀይር የእኔን ያህል ጊዜ አያባክንም።

ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባሁ። ኤስኪውኤም የሚሠራው በአንድ ቀላል ሐሳብ ነው፤ ራውተሩ መረጃውን ሞደሙ መላክ ከሚችለው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ከለቀቀው፣ ሰልፉ በሞደሙ ሰፊ ማከማቻ ውስጥ መፈጠሩ ቀርቶ ኬክ በሚቆጣጠረው ራውተር ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ ከመስመሩ አቅም ጥቂቱን አውቆ መተው ግድ ነው። እኔ ለሁለቱም አቅጣጫ ሞደሙ ከሚያሳየው 90 በመቶ ያህሉን ወሰድኩ፤ ለመግቢያው 3,686፣ ለመውጫው 460 ኪሎቢት። ኤዲኤስኤል ለሚባለው፣ እንደ እኛው በስልክ ሽቦ ለሚመጣ መስመር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ መረጃው የሚጓዘው 53 ባይት በሆኑ ትንንሽ ሴሎች ተከፋፍሎ ነው፤ ከ53ቱ ውስጥ መረጃውን የሚይዙት 48ቱ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት 5 ለሴሉ አድራሻ ይውላሉ። ኬክ ይህን ካላወቀ ሂሳቡ ይሳሳትበታል። በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ የመስመሩን ዓይነት ኤቲኤም፣ በየፓኬቱ የሚጨመረውን ክብደት 44 ባይት ብሎ መሙላት ያስፈልጋል። በፋይበር መስመር ለሚጠቀም ሰው ይህ የሴል ነገር አይመለከተውም።

ፒንጉን ደግሜ ስለካው ስልኬ ፎቶ እየጫነ እያለ ቁጥሩ ከ95 ሚሊሰከንድ አላለፈም። ደስ ብሎኝ ማታ ለእማማ ነገርኳቸው። «እማማ፣ እስቲ ዛሬ ይደውሉላት» አልኳቸው። ደወሉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ተነጋገሩና ምስሉ እንደ ቀድሞው ቆመ። እኔም ወደ ላፕቶፑ ሮጥኩ፤ ፒንጉ 1,300 ደርሷል፤ በራውተሩ ገጽ ላይ ግን ከግቢው የሚወጣው መረጃ በጣም ትንሽ ነው። መስመሩን የሚሞላው ነገር በራውተሩ በኩል አያልፍም ነበር። ሞደሙ የራሱ ዋይፋይ አለው፤ በአጥሩ በኩል የሚሠራው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ስልኩ ከድሮ ጀምሮ የተገናኘው ከእሱ ጋር ነው። የሰፋቸውን ልብሶች ቪዲዮ ለደንበኞቹ የሚልከው ማታ ማታ ነው፤ ቪዲዮዎቹም በኬክ ሰልፍ ሳይቆሙ በቀጥታ ሞደሙን ይሞሉታል። የሞደሙን ዋይፋይ ዘጋሁት፣ የእሱንም ስልክ ወደ አዲሱ አስገባሁለት። ኤስኪውኤም ጥቅም የሚሰጠው ሁሉም በአንድ በር ሲያልፍ ብቻ መሆኑን ያወቅኩት በዚያች ምሽት ነው።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆኖታል። ኬክን ድርሻውን በመሣሪያ እንዲያካፍል ስላዘዝኩት፣ ልብስ ሰፊው ሦስት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ቢጭንም የሚደርሰው የአንድ ሰው ድርሻ ነው። የእሱም ቪዲዮ ቢሆን ሌላው ሰው ዝም ባለበት ሰዓት መስመሩን ሙሉ ያገኛል። ፋይል የማውረዱ ፍጥነት በቁጥር ሲታይ ጥቂት ቀንሷል፤ አንድም ሰው ግን ቀነሰ ብሎኝ አያውቅም። ተማሪው እንዲያውም ፍጥነት አስጨመርክ ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ የራሱን 841ኤን ቨርዥን 13 ለመቀየር ሞከረ፤ በጭነቱ መሃል መብራት ሄደበትና ሳጥኑን የሞተ ነው ብሎ ይዞልኝ መጣ። እንዲህ የሆነ ራውተር ብዙ ጊዜ ሊድን ይችላል፤ ምክንያቱም መነሻ ፕሮግራሙ በተለየ የፍላሽ ክፍል ውስጥ ሳይነካ ይቀራል። የላፕቶፑን አድራሻ 192.168.0.225 አድርጌ፣ የመመለሻውን ፋይል ቲፒ-ሪከቨሪ በሚለው ስም ቲኤፍቲፒ በተባለው ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ማኅደር ውስጥ አኖርኩት፤ የላፕቶፑንም ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚከለክለውን ፕሮግራም) ለጊዜው አጠፋሁት። ከዚያ የሪሴቱን ቁልፍ በስክርቢቶ ጫፍ ተጭኜ ይዤ ኃይሉን ሰካሁ። ሳጥኑ ሲነሣ ራሱ ፋይሉን ጠይቆ ወሰደ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም እንደ አዲስ ተነሣ። የፋይሉ ስምና አድራሻው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ ይህን መረጃ ለራስ ሳጥን አስቀድሞ ፈልጎ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ራውተሩ ከሞተ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ መፈለግ አይቻልምና። ለጓደኛዬም ባትሪዬን አዋስኩት።

ከአገልግሎት ሰጪው ጋር አብሮ የመጣውን ሞደም ግን ማንም እንዲነካ አልመክርም። ንብረቱ የተጠቃሚው ላይሆን ይችላል፣ የመስመሩ መግቢያ የይለፍ ቃልም በውስጡ ነው፣ የስልክ ሽቦውን የሚያነጋግረውን ክፍል ደግሞ ኦፕን-ደብሊውአርቲ በአብዛኛው አይደግፈውም። እሱን እንዳለ ትቶ ከጀርባው የራስን ራውተር ማቆም ይሻላል። ለዚህ ሥራ አሮጌ ራውተር መግዛት የሚፈልግ ሰውም ቢያንስ 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ያለውን ይምረጥ፤ ከመክፈሉ በፊት ጀርባውን ገልብጦ ቨርዥኑን ያንብብ፣ ስሙም በፕሮጀክቱ የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዚያው በስልኩ ይመልከት። ብሮድኮም የተባለው ድርጅት የዋይፋይ ቺፕ ያለባቸው ብዙዎቹ ራውተሮች በኦፕን-ደብሊውአርቲ ላይ ዋይፋያቸው በደንብ ስለማይሠራ እነሱን ማለፍ ይሻላል።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያውን እድሳት አደረግኩ። ቅንብሩን በሙሉ ወደ ፍላሽ ዲስክ ገልብጬ ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ኤስኪውኤም አስቀድሞ የተካተተበትን አዲስ የሲስአፕግሬድ ፋይል አዘጋጅቼ፣ ራውተሩን ከባትሪው ጋር አያይዤ ጫንኩት። ነባሩን ቅንብር እንዳለ ይዞ ተነሣ፤ ዋይፋዩ ከሦስት ደቂቃ በኋላ በሁሉም ስልክ ላይ ተመለሰ።